ደውለን ስላጣንዎት

የውሃ ድርጅቱ ሠራተኞች የአይቲ ኃላፊውን «ማዕቀፉ» ነበር የሚሉት። ፊት ለፊት አይሉትም፤ ዞር ሲል ነው። ስሙን ያወጣችለት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ናት። ሰውየው ከሥልጠና በተመለሰ ሰሞን ስብሰባ ላይ ቆሞ «በማዕቀፉ መሠረት»፣ «ማዕቀፉ እንደሚለው»፣ «ይህ ከማዕቀፉ ውጭ ነው» እያለ የምሳ ሰዓታቸውን በላባቸው። እሷ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ «ቆይ፣ እሱ ነው ማዕቀፉን ይዞ የመጣው ወይስ ማዕቀፉ እሱን?» አለች። በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት ነበር። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ስሙም ተለጥፎ ቀረ።

ማዕቀፍ የተባለው አንድ ድርጅት የኮምፒዩተርና የስልክ አገልግሎቱን እንዴት ቢመራ እንደሚበጅ የሚያስተምር አሠራር ነው። ክፉ ነገር አልነበረም። ከማዕቀፉ በፊት ሥራው የጯሂና የወዳጅ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ የተቆጣ ሰው ማተሚያው ቶሎ ይጠገንለታል። ለቴክኒሻኑ ሻይ የጋበዘ ደግሞ ከተቆጣውም ይቀድማል። ዝምተኛው መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ለጥፎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ደንበኛው ቆሞ ቆሞ፣ ተሳድቦ ይሄዳል።

ማዕቀፉ ይህን አስቀረ። ከእንግዲህ ቴክኒሻን ኮሪደር ላይ አስቁሞ በእጅጌው መጎተት የለም። የተቸገረ ሰው በውስጥ መስመር ወደ ሄልፕ ዴስክ ይደውላል፤ ትኬት የሚሉት የጥያቄ መዝገብ ይከፈትለታል፤ ስንት ሰው እንደተነካ ተጠይቆ ደረጃ ይወጣለታል። ብዙ ሰው ከተነካ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ይሮጡለታል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ አራተኛ ነው፤ ተራውን ይጠብቃል። ሥራው ሲያልቅ ትኬቱ ይዘጋል። በየወሩ ስንቱ ተከፍቶ ስንቱ እንደተዘጋ ይታያል። ብዙ የዘጋ ይመሰገናል።

ኃላፊው ቃላቱንም አስተማራቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰ ብልሽት «ክስተት» ይባላል፤ እየተመላለሰ ሲደርስ ነው «ችግር» የሚባለው።

«ገባኝ» አለች የሒሳብ ኃላፊዋ። «ባሌም እንደዚሁ ነው። ክስተት መስሎኝ አገባሁት፣ ችግር ሆኖ ቀረ።»

ያን ቀን እሱም አብሮ ሳቀ።

አሁን ደግሞ ከውጭ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። ድርጅቱ በማዕቀፉ መሠረት መሥራቱን አይተው ካጸደቁ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚሰቀል የነሐስ ሰሌዳ ይሰጣሉ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳው የሚሰቀልበትን ቦታ ከወዲሁ አስለክተዋል። ኃላፊው ምስማሩ ሲመታ ሰምቷል።

ከሕንጻው ደረጃ ሥር፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ የስልክ ማዞሪያው አለ። እዚያ የምትቀመጠው የኃላፊው ታላቅ እህት ናት። ድርጅቱ በሙሉ «እትዬ ሃሎ» ይላታል። ሰፈሩ ቱቦ የፈነዳበት፣ ቆጣሪው ያበደበት፣ ለማን እንደሚደውል ግራ የገባው ሁሉ ወደ እሷ ይደውላል። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ትላለች። ሰምታ ታገናኛለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ባል ሞቶባታል፤ የወለደችው የላትም። ያሳደገችው አንድ ወንድሟን ነው። እናታቸው ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ፣ በማዞሪያው ጠረጴዛ ሥር ኮቷን ታነጥፍለትና ይተኛል። እንቅልፍ የሚወስደው «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ስትል እየሰማ ነው። «ማሙሽ» ትለው ነበር። ጠጉሩ ሸበተ፣ አሁንም ማሙሽ ነው።

አንድ ጊዜ የሒሳብ ኃላፊዋ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «የእኛ ማተሚያ ቢቃጠል ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የእህቱ ስልክ ላይ አቧራ ካረፈ ግን ደረጃውን እየዘለለ ነው የሚወርደው» አለችው። ነገሩ እውነትነት ነበረው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ሰዓት ወደ እህቱ ክፍል ወርዶ አያውቅም።

ስልኳ የሞተ ዕለት ጠዋት ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችው።

«ማሙሽ፣ ስልኬ ሞቷል።»

ዞር ዞር ብሎ የሰማ ሰው መኖሩን አየ።

«እትዬ፣ እዚህ እንዲህ ብለሽ አትጥሪኝ አላልኩሽም?»

«እሺ፣ አቶ ማሙሽ። ስልኬ ሞቷል።»

«ትኬት ክፈቺ።»

«ትኬት? ወዴት ልሄድ?»

«የትም አትሄጂም። ወደ ሄልፕ ዴስክ ደውዪ፣ ይመዘግቡልሻል።»

«በምን ልደውል? ስልኬ ሞቷል እያልኩህ!»

«በኮምፒዩተር ላኪ እንግዲያው።»

«እኔ ክፍል ኮምፒዩተር አይተህ ታውቃለህ?»

«እትዬ፣ በሌላ ሰው የውስጥ መስመር ደውዪ። በደንቡ ሂጂልኝ። አንቺን ካስቀደምኩ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ።»

አየችው። ክራቫቱ ትንሽ ጠምሞ ነበር። ልታቃናለት እጇን ዘረጋችና ሰው ሲመጣ መለሰችው።

«አውቃለሁ» አለች፤ ወረደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኃላፊው የሰማው ነገር ካለፈ ወዲያ ነው። እህቱ ወደ በር ሄዳ ከጥበቃው ስልክ ላይ ደወለች። ሄልፕ ዴስክ ያለችው ልጅ የተበላሸው ስልክ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ስንት ሰው እንደተነካ ጠየቀቻት።

«እኔ ብቻ ነኝ» አለች እትዬ ሃሎ።

በዚያች ክፍል የምትሠራው እሷ ብቻ ናት፤ አልዋሸችም። ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ከተማ ማንም አልጠየቃት፣ እሷም ለመቁጠር አላሰበችም። አራተኛ ደረጃ ተሰጣት።

ተራዋ ሲደርስ ቴክኒሻን ከመላኩ በፊት በደንቡ ይደወልላታል። ደንቡን ያወጣው ኃላፊው ራሱ ነው፤ ቴክኒሻኖች ባዶ ቢሮ እያንኳኩ ሲመለሱ ጊዜ አለቀ ብሎ። ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ያልመለሰ ሰው ጉዳዩን ትቶታል ማለት ነው፤ ትኬቱ ይዘጋል። ልጅቷ የተመዘገበውን ቁጥር አየች፤ ደወለች። የተመዘገበው ቁጥር የሞተው ስልክ ነው። የሞተው ስልክ አልመለሰም። በማግስቱም ደወለች። በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ሲስተሙ በራሱ፣ እትዬ ሃሎ ከፍታው ወደማታውቀው የኢሜይል ሳጥን መልእክት ላከ፦ «ደውለን ስላጣንዎት ጥያቄዎ ተዘግቷል። ስላገለገልንዎት ደስ ብሎናል።»

እሷ እየጠበቀች ነበር። ሲቆይባት ጥበቃውን አስደወለችው። ጥበቃው ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱን አዙሮ ነው የነገራት።

«ተዘግቷል አሉ።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ኃላፊያችን ናቸው ይላሉ። ወንድምሽ ማለት ነው።»

በር ይዘጋል፤ ስልክም ይዘጋል። ሰውም ሰውን ሲዘጋ የሚባለው ይኸው ቃል ነው። እሷ ጆሮ ውስጥ የገባው የመጨረሻው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዳ ትጮኽበት ነበር። የእናቷ ልጅ ከዘጋት ግን በማን በኩል ትለምናለች? ሆድ ባሳት። ምላሷን ነክሳ ክፍሏ ገባች። ጠዋት ትመጣለች፤ መነጋገሪያውን አንስታ ታዳምጣለች፤ ዝም ነው፤ መልሳ ታስቀምጣለች። ማታ ኮቷን ለብሳ ትወጣለች። እሁድ እሁድ እሱ ቤት መምጣቷንም ተወች።

ኃላፊው መቅረቷን አስተውሏል። «ደንቡ ገብቷታል፤ የሰው አፍ እንዳያገኘኝ ብላ ነው» አለ በልቡ። ደስም አለው።

ከተማው ሲደውል ስልኩ እንደተያዘ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቱቦ የፈነዳበት በእግሩ መጣ። በሩ ላይ ሰልፍ ተበጀ። ጥበቃው ከሰው ጋር ሲነታረክ ይውላል።

ለውጥ የሚያጸድቀው ኮሚቴ የወሩ ስብሰባ ደረሰ። ገምጋሚዎቹ በዚያው ሳምንት ነው የሚመጡት። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ከላይ ተቀምጠዋል፤ የሒሳብ ኃላፊዋ ጎን ለጎን። ኃላፊው ቆሞ ያነባል። የተዘጉት ትኬቶች ብዙ ናቸው፤ ምክትሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ተጠቃሚ የሌላቸው አገልግሎቶች መጡ። ማዕቀፉ ማንም የማይጠቀምበትን አገልግሎት ይዞ መቀመጥ ብክነት ነው ይላል። ኃላፊው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ አነበበ።

«የስልክ ማዞሪያ። በወሩ የተስተናገዱ ጥሪዎች፦ የሉም። የውሳኔ ሐሳብ፦ አገልግሎቱ ይቋረጥ።»

አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ። ደረጃው ሥር የቆመችው እህቱ ታየችው። ስልኬ ሞቷል ብላው ነበር። ተጠግኖላታል እንዴ? ጠይቆ አያውቅም። ትኬቱ ተዘግቷል፤ የተዘጋ ነገር ያለቀ ነው።

«አንድም ጥሪ?» አሉ ምክትሉ።

«አንድም፣ ጌታዬ።»

የሒሳብ ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚህ ቀን አላፌዘችም።

«ቆይ እንጂ። የሚደውል ሰው ከሌለ በር ላይ ያ ሁሉ ሰልፍ ምንድን ነው? ዛሬ እንኳ መኪናዬን ለማስገባት ተቸግሬአለሁ።»

«ሰልፉ የደንበኞች ክፍል ጉዳይ ነው» አለ ኃላፊው። «በእኛ ሪፖርት አይገባም።»

«መስመሩስ ደህና ነው?» አሉ ምክትሉ።

ለመናገር አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ «አላውቅም፣ ልየው» ቢል ማንም አይቆጣውም። ግን ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ታየው። የሞተ ስልክ ትኬት ሳይጠገን እንዴት ተዘጋ ይባላል። ደንቡን ማን አወጣው ይባላል። ገምጋሚዎች ሊመጡ ሲሉ ለእህቱ ብሎ ውሳኔ አስቀለበሰ ይባላል። ምስማሩም ግድግዳው ላይ ባዶውን ይቀራል።

«ክፍት ጥያቄ የለም፣ ጌታዬ» አለ።

ይህም ውሸት አልነበረም።

የሒሳብ ኃላፊዋ ትኩር ብላ አየችው። «እህትህ ናት እኮ» አለች፣ በቀስታ።

«ዝምድና ማዕቀፉ ውስጥ የለም» አለ።

ፈረሙ። እሱም ፈረመ።

የመንቀያው ትእዛዝ ከግምገማው ጋር ስለተያያዘ አንደኛ ደረጃ ተሰጠው። ቴክኒሻኑ ፒንሳ (ከእጁ ስለማትለይ ነው ስሙ) ወዲያው መሣሪያውን አንጠልጥሎ ተነሳ። ኃላፊው አብሮት ወረደ። ለእህቱ ራሱ ሊነግራት ፈልጎ ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ ረገጠ።

ክፍሏ እንደ ድሮዋ ናት። ጠረጴዛዋ ያችው፤ ወንበሯ ላይ ያለችው ትራስ ያችው። እህቱ ኮቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሲገባ ፊቷ በራ፤ ከኋላው ፒንሳን ስታይ ደግሞ ይበልጥ በራ።

«መጣህ? ይዘኸው መጣህ? እኔኮ…» ብላ ተነሳች። «ግባ ልጄ ፒንሳ፣ ግባ። እዚያ ግድግዳው ሥር ነው መሰለኝ።»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ክራቫቱን አቃና። ፒንሳ ለመንቀል የመጣ ስለሆነ ዝም ብሎ ግድግዳው ሥር ተንበረከከና የገመዱን ሽፋን ፈታ። ውሃ ጠብ አለ። ቀና ብሎ አየ፤ ከላይ የሚያልፈው ቱቦ ያንጠባጥባል። ገመዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ፒንሳ እየሳቀ። «የውሃ ድርጅቱን ስልክ ውሃ በላው!»

ማንም አልሳቀለትም።

«ጋሼ፣ ይኼ መስመር የሞተ ነው። ከሞተም ቆይቷል። ማንም ደውሎ አያገኛትም፤ ሦስት ጊዜ ተደውሎ ታጣች ተብሎ ትኬቷ የተዘጋውም ለዚህ ነው። የተበላችው ግን ይቺ ቁራጭ ገመድ ብቻ ናት፣ ክንድ አትሞላም። ልቀጥላት? ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።»

እህቱ ኃላፊውን አየችው። ገና አልገባትም።

እሱ የሚያየው ገመዱን ነው። ቀጥላት ቢል ስልኩ ይጮኻል። ስልኩ ከጮኸ ስብሰባው ላይ የተናገረው ሁሉ ከእነፊርማው ይጮኻል።

«ትእዛዙ ምን ይላል?» አለ።

«ንቀል ነው የሚለው።»

«ያለ ኮሚቴ ፈቃድ ለውጥ አይደረግም። ንቀል።»

«መቀጠል እኮ ለውጥ አይደለም ጋሼ፤ ጥገና ነው።»

«ንቀል አልኩህ!»

ፒንሳ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ አቀረቀረና ቆረጠው። ቀጭን ድምፅ ነው ያሰማው፤ እንደ ጥፍር ሲቆረጥ።

እትዬ ሃሎ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ስትነቅሉ ፈጣን ናችሁ» አለች። «ስንተኛ ደረጃ ናት ይቺ?»

ፒንሳ ነው መሬት መሬቱን እያየ የመለሰላት።

«አንደኛ፣ እትዬ።»

«እንዲያ ነው? እኔ አራተኛ ነበርኩ።»

«እትዬ፣ ስሚኝ…» አለ ኃላፊው። «ጡረታሽ ቀደም ብሎ ይከበርልሻል። ደመወዝሽ ላይ ችግር…»

«ችግር አትበል» አለችው። «ክስተት ነው።»

የት እንደሰማችው እንጃ። ስልክ የምታዞር ሰው የማትሰማው ነገር የለም።

ትራሷን አነሳች፤ ኩባያዋን ከመሳቢያ አወጣች፤ ኮቷን ለበሰች። ስትቆልፈው አንድ ቁልፍ ዘለለች፤ አንዱ ጫፍ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ አለ። ሊያስተካክልላት እጁን ዘረጋ። ፈቀቅ አለች።

«ጥበቃው ወንድምሽ ዘጋው ሲለኝ፣ ዘጋኝ ማለቱ መስሎኝ ስንት ቀን ሆዴን ሲበላኝ ከረመ። ለካ ያኔ ደንቡ ነው» አለች። «የዛሬው ግን አንተ ነህ።»

ወጣች። ፒንሳ የተቆረጠውን ገመድ እየጠቀለለ ብዙ ቆየ፤ ይህን ያህል የሚጠቀለል ገመድ አልነበረም።

ገምጋሚዎቹ መጡ፤ ወደዱ። ሰሌዳው ምስማሩ ላይ ተሰቀለ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ የኃላፊውን እጅ ጨብጠው ፎቶ ተነሱ። በቀድሞው ቁጥር የሚደውል ሰው አሁን ተቀድቶ የተቀመጠ ድምፅ ይሰማል፤ ለቱቦ አንድን፣ ለቆጣሪ ሁለትን ይጫኑ ይላል። ሰልፉ አልቀነሰም። የሒሳብ ኃላፊዋ ደረጃው ላይ ስታገኘው ድሮ እንደምታደርገው አትቀልድበትም። «እንደምን አደሩ» ብላ ታልፋለች። ስድቧ ናፈቀው።

አንድ እሁድ ረፋዱ ላይ ወደ እህቱ ሞባይል ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሳችውም። ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ተመልሶ ደወለ። አሁንም ጠራ፤ አሁንም አላነሳችውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አፈጠጠበት። አንድ ጊዜ ነው የቀረው። ያን ደንብ የጻፈው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ያኔ እሷ ጓዳ ሆና እቃ ታጥብ ነበር፤ «ምን ትሞነጫጭራለህ ማሙሽ?» ብላ ጠይቃው፣ «አይገባሽም እትዬ» ብሏታል።

ደወለ። ተነሳ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ድምፁ የጥንቱ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ የሚሰማው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማን ልበል?»

ከተወለደ ጀምሮ አንቱ ብላው አታውቅም።

«ማሙሽ ነኝ» አለ።

ወዲያ ማዶ ትንፋሿ ተሰማው። የቧንቧ ውሃ ይወርድ ነበር፤ ቆመ።

«በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላገኘሁም፣ ጌታዬ» አለች። «ስለደወሉልን እናመሰግናለን።»

ዘጋችው።